ፍርዱን ጨርሷል፣ ለምን አይለቁትም?



የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ሁለት ደብዳቤዎች ናቸው።

አንደኛው ከወላይታ፣ ከቢጠና የደረሰን ነው። ጸሐፊው አባት ናቸው። ልጃቸው በሞያሌ በኩል ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ሲጓዝ መንገድ ላይ ባለች ሀገር ተያዘ። ያለ ፈቃድ ድንበር በማቋረጥ ተከሶም ዘጠኝ ወር ተፈረደበት። ዘጠኙ ወር ካለቀ እነሆ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ልጁ አሁንም እዚያው ነው። አባት የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፍርዱን ጨርሷል፣ ለምን አይለቁትም?»

ሁለተኛው ደብዳቤ ከሶዶ ከተማ ነው፤ የጻፉት እናት ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። በስርቆት ተከሰሰ። ጠበቃው «ጥፋተኛ ነኝ በል፤ አንድ ዓመት በገደብ ይፈረድብሃል፣ አንድ ቀን እንኳ አትታሰርም» አለው። እርሱም እንደተባለው አደረገ፤ እውነትም አንድ ቀን አልታሰረም። አሁን ግን ከሀገር ሊያስወጡት ነው። እናት «ቅጣቱ በገደብ ከሆነ ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ይላሉ።

ሁለቱ ደብዳቤዎች ስለተለያዩ ሀገሮች ቢጻፉም ጥያቄያቸው አንድ ነው። በውጭ ሀገር የተከሰሰ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ያለው መሆኑና አለመሆኑ በፍርዱ ውስጥ ቦታ አለውን? ዳኛው ሲቀጣ፣ ወህኒ ቤቱም በአመክሮ ሲለቅ፣ ሰውየው እንግዳ መሆኑን ማየት ይገባቸዋልን? ወይስ ማየታቸው ራሱ አድልዎ ነው? በዚህ ላይ ከራሳችን ዲን ምን እናገኛለን? የቻልነውን ያህል እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናብራራ። አንድ ሰው በሀገሩ ቢታሰር የእስር ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው፤ እርሱም በፍርድ ቤት እጅ ነው። የቅጣቱ ቀን ሲያልቅ በሩ ይከፈታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሰው ሀገር የታሰረ እንግዳ ግን ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ በፍርድ ቤት እጅ፣ ሁለተኛው በኢሚግሬሽን እጅ ይገኛል። የመጀመሪያው በር ሲከፈት ከኋላው ሌላ በር አለ። ኢሚግሬሽን «ይህ ሰው እዚህ ሀገር የመኖር ፈቃድ የለውምና ወደ መጣበት ይመለሳል» ይላል። ለመመለስ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የጉዞ ሰነድ፣ ማለትም ሊሴ ፓሴ፣ እና የአውሮፕላን ትኬት። ሰነዱን የሚሰጠው የራሱ ሀገር ኤምባሲ ነው። ትኬቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ያሰረው መንግሥት በጀት የለኝም ይላል፤ ልጁ ኪሱ ባዶ ነው፤ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ለደላላ ከፍሎ ጨርሷል።

የቢጠናው ልጅ የቆመው በእነዚህ ሁለት በሮች መካከል ነው። እርሱም ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ የሚገኘውን የማውላ እስር ቤት ጉዳይ ለዓለም ገልጦ ነበር። ለ800 ሰው የተሠራው ይህ እስር ቤት ከእጥፍ በላይ በሆነ ሕዝብ ታጭቆ ነበር። ከእስረኞቹ መካከል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያቋርጡ የተያዙ፣ ቅጣታቸውንም ጨርሰው የሚመልሳቸው ያጡ ኢትዮጵያውያን ይገኙባቸው ነበር። አድማጮቻችን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች በዚያ ሰዓት የታሰሩት በፍርድ አልነበረም። ፍርዱ አልቋል። የታሰሩት ትኬት ስላልነበራቸው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህንን ወላጆች በደንብ እንዲሰሙልን እንፈልጋለን። ደላሎች ልጆቹን «ከተያዛችሁ ስማችሁን ቀይሩ፣ የሌላ ሀገር ዜጋ ነን በሉ» ብለው ይመክሯቸዋል። ልጁም በፖሊስ ፊት የሌለ ስም ይሰጣል፤ በዚያ ስም ይከሰሳል፣ በዚያ ስም ይፈረድበታል። ቅጣቱ ሲያልቅ ኤምባሲው በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም ይዞ ሀገር ቤት ሲያጣራ እንደዚያ የሚባል ሰው አይገኝም። በአንዲት የውሸት ቃል ምክንያት ሰነዱ ይዘገያል፤ ልጁም ይቆያል። ሁሉም ሀገር ላይ ኤምባሲ ስለሌለን አንድ ኤምባሲ በርካታ ሀገሮችን የሚሸፍን መሆኑ ደግሞ መዘግየቱን ያብሰዋል።

ስለ አመክሮ እናንሳ። በእኛ ሀገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲፈጽም በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። በሌሎች ሀገሮችም በየራሳቸው ስሌት ተመሳሳይ ሥርዓት አለ። አመክሮ ግን አድራሻ ይፈልጋል። የሚኖርበት ቤት፣ የሚቀበለው ዘመድ፣ በየጊዜው እየሄደ የሚፈርምበት ቢሮ ሊኖር ግድ ነው። እንግዳው ይህ ሁሉ የለውም። ስለዚህ ጠባዩ እንደ ወተት የነጣ ቢሆን እንኳ አመክሮው ለእርሱ ወረቀት ላይ ይቀራል። በተቃራኒው ደግሞ እንደ እንግሊዝ ባሉ ሀገሮች የውጭ ዜጋ ከዜጋው ቀድሞ የሚወጣበት አሠራር አለ፤ የሚወጣው ግን ወደ አውሮፕላን ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ አሥራ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተገኙ በቀር፣ እንዲባረር ያዛል።

በዚህ ላይ ብዙ የሚያስተምረው በደቡብ አፍሪካ የታየው የያኑሽ ቫሉሽ ጉዳይ ነው። ይህ ሰው የፖላንድ ተወላጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 የነጻነት ታጋዩን ክሪስ ሃኒን በቤቱ ደጃፍ ገደለ። መጀመሪያ ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ያገኘው የደቡብ አፍሪካ ዜግነትም ተሰረዘበት። በኅዳር 2022 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በአመክሮ እንዲፈታ ሲያዝ ጥያቄው መጣ፦ ዜግነት የለውምና ወዲያው ወደ ፖላንድ ይባረር ወይስ አመክሮውን እዚሁ ይፈጽም? ወዲያው ቢባረር የሚቆጣጠረው ሳይኖር በነጻነት ሊኖር ሆነ፤ ይህም ለሟች ቤተሰብ ሌላ ሕመም ነው። የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ሁለቱን የአመክሮ ዓመታት በዚያው እንዲፈጽም ልዩ ፈቃድ ሰጠው፤ በታኅሣሥ 2024 ሲጨርስ ወደ ፖላንድ ተላከ። እንግዲህ እዩ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ አንዳንዴ ቅጣትን ያከብዳል፣ አንዳንዴም እንደዚህ ቅጣትን ሊያስቀር ይደርሳል። ዓይንን ጨፍኖ «አናየውም» ማለት ለሟች ቤተሰብም አይበጅም።

አሁን ወደ ሶዶዋ እናት እንመለስ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ባጠበቀችው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የስርቆት ወንጀል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት «ከባድ» ከሚባሉት ወንጀሎች ይመደባል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ በገደብ የተፈረደውም እንደ ተፈረደ ይቆጠራል። አንድ ቀን ባይታሰርም ወረቀቱ ላይ አንድ ዓመት ተጽፏልና አበቃ። ሁለተኛው፣ ከዚህ ክፍል ውስጥ የወደቀ ሰው የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቀርቦ «ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ማሩኝ» የሚልበት ዋናው በር ይዘጋበታል።

ዳኛው 365 ቀን በማለት ፈንታ 364 ቀን ቢል ኖሮ ልጁ ከዚህ ወጥመድ ያመልጥ ነበር። ሌላ ምክንያት ቢፈለግበት እንኳ ለአሥራ አንድ ዓመት በሕጋዊ ፈቃድ የኖረ ሰው ነውና የመለመኛው በር ክፍት ይሆንለት ነበር። ልዩነቱ አንዲት ቀን ናት! ይህንን የተረዱ ክፍለ ሀገሮች ሕጋቸውን አስተካክለዋል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል የምትገኝበት ዋሽንግተን በ2011፣ ካሊፎርኒያ ከ2015 ጀምሮ፣ ኒው ዮርክ በ2019 ለቀላል ወንጀሎች የሚሰጠው ከፍተኛ ቅጣት ከአንድ ዓመት ወደ 364 ቀን ዝቅ እንዲል አድርገዋል።

የጠበቃውም ጥፋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኬንታኪ ክፍለ ሀገር ክስ በቀረበበት በሆዜ ፓዲያ ጉዳይ ላይ ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። ሰውየው የሆንዱራስ ተወላጅ ነው፤ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ፣ ከአርባ ዓመት በላይም በሕጋዊ መንገድ የኖረ ነው። ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ፣ ጠበቃው «ብዙ ዘመን ስለኖርክ አትባረርም» ብሎት ጥፋተኛ ነኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ሊባረር እንደሚችል ሊያስረዳው ግዴታ አለበት አለ። የሶዶዋ እናት ልጅም ጠበቃው ይህን ሳይነግረው ቀርቶ ከሆነ ያንን ቃሉን የሚያስነሳበት መንገድ ሊኖረው ይችላል። ይህ ግን የጊዜ ገደብ ያለው ስለሆነ ነገ ሳይሆን ዛሬ የኢሚግሬሽንንም የወንጀልንም ሕግ የሚያውቅ ሌላ ጠበቃ ዘንድ ይሂድ።

ካናዳ ውስጥ ክርክሩ ከዚህም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ቬትናማዊ ቋሚ ነዋሪን ጉዳይ አየ። ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ በጊዜው ሁለት ዓመት ሙሉ የተፈረደበት ሰው ከመባረር ይግባኝ የማለት መብቱን ያጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመቱ አንዲት ቀን ቀነሰለት። ነገር ግን ድንበር አበጀ። ዳኛ መባረርን ሊያገናዝብ ይችላል፤ ሆኖም ለጥፋቱ ከሚገባው ቅጣት ወሰን ወጥቶ፣ ሕግ አውጪው ያሰበውን ለማምለጥ ሲል ብቻ የተለየ ፍርድ ሊፈጥር አይችልም። ፓርላማው በዚያው ዓመት የሁለት ዓመቱን ልክ ወደ ስድስት ወር አወረደው። በ2025 ደግሞ የወግ አጥባቂው ተቃዋሚ ፓርቲ ዳኞች ይህንን ነገር ጨርሶ እንዳያዩ የሚከለክል ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ምክንያታቸው «ለአንድ ዓይነት ጥፋት ዜጋው የበለጠ፣ እንግዳው ያነሰ ይቀጣልን?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በንቀት ልናልፈውም አይገባም። እንዲያውም መጀመሪያ ሲሰሙት ዲናችን የሚደግፈው ይመስላል።

ዲናችን ምን ያሳየናል?

የመኽዙም ጎሳ የሆነች ሴት በሰረቀች ጊዜ የተፈጠረውን ሁላችንም እናውቃለን። ቁረይሾች የባለ ትልቅ ቤት ልጅ ናትና ተጨነቁ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚወዱትን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) ለሸፋዓ ላኩት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ። ከእናንተ በፊት የነበሩት የጠፉት የተከበረው ሲሰርቅ እየተዉ፣ ደካማው ሲሰርቅ እየቀጡ ነው አሉ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብትሆን እንኳ ቅጣቱ እንደማይቀርላት በአላህ ማሉ። እንግዲህ በሰው ማንነት ፍርድን ማጣመም በኢስላም በር የለውም።

ነገር ግን ሐዲሡን በደንብ እናስተውለው። የተወገዘው ምንድን ነው? ኃያሉን መልቀቅና ደካማውን መቅጣት ነው። በዘመናችን የሰው ሀገር እስር ቤት ውስጥ ቋንቋ ሳያውቅ፣ ጠበቃ ሳይኖረው የቆመው የቢጠና ልጅ ከሁለቱ የትኛው ነው? ቁረይሻዊው ነው ወይስ ደካማው? ሁለተኛም፣ ፉቀሃዎች ሐድንና ታዕዚርን ይለያሉ። ሐድ ልኩ የተደነገገ ነው። ታዕዚር ግን ለዳኛው የተተወ ነው፤ ዳኛውም የሰውየውን ሁኔታ፣ የጥፋቱን ክብደት፣ ቅጣቱ በእርሱ ላይ የሚያስከትለውን ያያል። አንዱን ሰው አንድ ተግሣጽ የሚመልሰውን ሌላውን እስር አይመልሰው ይሆናልና። ያለ ፈቃድ ድንበር ማቋረጥን የመሰለ ጥፋት የሚያርፈው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ነው። (የሀገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ እናውቃለን፤ የምናወራው ስለ መርሁ ነው።)

ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን የተላለፉ ሁለት ታሪኮች ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን የተነገሩ እስኪመስሉ ድረስ ቅርብ ናቸው። አንደኛው በኢማሙ ማሊክ ሙወጦእ ውስጥ የሚገኘው ነው። የሐጢብ ባሮች ከሙዘይና ጎሳ የሆነ ሰው ግመል ሰርቀው አረዱ። ዑመር (ረ.ዐ) መጀመሪያ ቅጣቱ እንዲፈጸም አዘዙ፤ ከዚያም ጌታቸው እንደሚያስርባቸው አዩና ፊታቸውን ወደ እርሱ አዞሩ። የግመሏ ዋጋ አራት መቶ ዲርሃም ነበር፤ ስምንት መቶ እንዲከፍል አዘዙት። ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ዋጋን እጥፍ ማስከፈሉ በመዲና ያልተሠራበት መሆኑን ይናገራሉ፤ ለእኛ ግን ቁምነገሩ ሌላ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ማን ሰረቀ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ማን ዳረጋቸው ብለውም ጠይቀዋል።

ሁለተኛውን ነሳኢ ዘግበውታል። ዑመር (ረ.ዐ) ረቢዓ ኢብኑ ኡመያን በመጠጥ ምክንያት ከሀገሩ አስወጥተው ወደ ኸይበር ሰደዱት። ሰውየው ከዚያ ሄዶ የሮሙን ንጉሥ ሂረቅልን ተቀላቀለ፤ ዲኑንም ተወ። ዑመር (ረ.ዐ) ከእርሱ በኋላ ሙስሊምን ከሀገር እንደማያስወጡ ተናገሩ። ማስወጣትን በተመለከተ መዝሀቦች ይለያያሉ። ብዙኃኑ ዑለማዎች ያላገባ ሰው ዚና ሲፈጽም የአንድ ዓመት ስደት የሐዱ አካል ነው ሲሉ፣ ሐነፊዎች ግን ለመሪው የተተወ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ይህንንም ታሪክ ይጠቅሳሉ። ከዚህ ክርክር ውስጥ እኛ የምንወስደው ዑመር (ረ.ዐ) ማባረር የሚያደርሰውን ጉዳት እንደ ቅጣት ቆጥረው ማየታቸውን ነው። የዛሬዎቹ ሕጎች «መባረር ቅጣት አይደለም፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» ይላሉ። ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ለሚሄደው ሰው ንገሩት!

እንግዲህ የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። ዳኛ የመኖሪያ ፈቃድን ማየቱ ለእንግዳው ቅናሽ መስጠት አይደለም። ዜጋው ስድስት ወር ታስሮ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እንግዳው ስድስት ወር ታስሮ፣ ከዚያ በኢሚግሬሽን ሌላ ወራት ተቀምጦ፣ ከዚያ ቤቱን ሥራውን ልጆቹን አጥቶ ይባረራል። ሁለቱ «ስድስት ወር» ተብለው ቢጻፉም በሚዛን ላይ እኩል አይደሉም። ሚዛኑን እኩል ለማድረግ በእንግዳው በኩል ያለውን ክብደት በሙሉ መቁጠር ያስፈልጋል። ሆኖም የካናዳው ፍርድ ቤት ያበጀው ድንበር ልክ ነው ብለን እናምናለን። ሰው የገደለ፣ ሴት የደፈረ፣ ልጆችን ለደላላ የሸጠ ሰው «እባረራለሁና ማሩኝ» ቢል የተበደለው ወገንም ሐቅ አለው። እንዲያውም የሐጢብ ታሪክ ደላላው ላይ የበለጠ እንዲከብድ ያስተምረናል።

ይህ ሐሳብ በዓለም አቀፍ ሕግም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው ስደተኞችን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል በአምስተኛው አንቀጹ ተሸጋጋሪው በመሻገሩ ምክንያት በዚህ ወንጀል እንዳይከሰስ ይላል። ነገር ግን ወላጆች አይሳሳቱ፤ ይህ ማለት ያለ ፈቃድ መግባት አያስቀጣም ማለት አይደለም፤ ሀገሮች በራሳቸው የኢሚግሬሽን ሕግ ሊቀጡ ይችላሉ። ለምሳሌ የኬንያ የ2011 ሕግ እስከ 500 ሺህ ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ይፈቅዳል። ዛምቢያ ውስጥ ደግሞ በ2008 የወጣው ሕግ ተሸጋጋሪውንም እንደ ወንጀለኛ ስለቆጠረ 15 ዓመት የተፈረደባቸው ወጣት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አሥራ አምስት ዓመት! ሕጉ በ2022 ተሻሽሎ ይህ ተነሳ። ደላላው ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ብዙውን ጊዜ ሞያሌ ወይም ናይሮቢ ተቀምጦ ገንዘቡን ይቆጥር ነበር።

አንዳንዴ በፍርድ ያልተፈታው በምሕረት ይፈታል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. የያኔዋ ፕሬዚዳንታችን ሣህለወርቅ ዘውዴ ታንዛኒያ፣ ቻቶ ሄደው ከፕሬዚዳንት ማጉፉሊ ጋር ሲገናኙ ማጉፉሊ በሕገ ወጥ መንገድ ገብተው የታሰሩ 1,789 ኢትዮጵያውያንን ማሩ። ቁጥሩን ደግመን እንበለው፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። በአንዲት ሀገር እስር ቤቶች ብቻ! እነዚህ ደግሞ በሕይወት የተያዙት ናቸው። በ2012 በዶዶማ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱት ከአርባ በላይ፣ በ2020 በሞዛምቢክ ቴቴ በኮንቴይነር የተገኙት 64፣ በ2022 በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የተጣሉት 27፣ በዚያው ዓመት በማላዊ ምዚምባ ከጅምላ መቃብር የወጡት አስከሬኖች ዳኛ ፊት የመቅረብ ዕድል እንኳ አላገኙም። አላህ ይዘንላቸው። አንዳንድ ወላጅ «ታሰረ» የሚል ስልክ ሲደርሰው ሱጁድ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ስለ ሳዑዲ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ቤተሰብ እዚያ ልጅ አለውና። በደም ጉዳይ የሟች ቤተሰብ ቢምር ወይም ዲያ ቢቀበል የሞት ፍርድ ይነሳል። በሐሺሽ ማስገባት የሚፈረደው ሞት ግን ታዕዚር ስለሆነ በዲያ አይነሳም፤ ከሀገሪቱ መሪ ምሕረት ውጪ መንገድ የለውም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህ ክስ የተገደሉ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን አሉ። «ይህችን ሻንጣ ብቻ አሻግርልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ልጆቻችሁ ይህንን ያስታውሱ።

እኛም ዳኞች ነን

በነጃሺ ሀገር የምንኖር ሰዎች ይህንን ጉዳይ ሌሎችን ለመውቀስ ብቻ ልናነሳው አይገባም። ቁረይሾች ሰሓባዎቹን ለማስመለስ መልክተኞች በላኩ ጊዜ ሹማምንቱ ስጦታቸውን ተቀብለው «ሳትሰማቸው አሳልፈህ ስጣቸው» ብለው ነበር። ነጃሺ ግን ሳይሰማቸው እንደማይሰጥ ተናገረ፤ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ነው የፈረደው። ዛሬ በሀገራችን የኤርትራ፣ የሶማሊያ፣ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች አሉ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በመተማ በኩል ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ገብተዋል። የእኛም የወንጀል ሕግ ጥፋተኛ የተባለን የውጭ ሰው ከሀገር ማስወጣትን ያውቃል። ለልጃችን በሊሎንግዌ የምንጠይቀውን ለሱዳናዊው በመተማና በጎንደር እንጠይቅለታለንን?

አሁን ወደ ቢጠናው አባት እንመለስ። ልጅዎ ሲከሰስ የሰጠውን ስም በትክክል ይወቁ፤ ከእስር ቤት ሊደውል ሲችል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። የሰጠው ስም ሌላ ከሆነ አይደብቁ። ትክክለኛውን ስሙን እስከ አያት፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የትምህርት ቤት ካርዱን ወይም የቀበሌ ማስረጃውን ይዘው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ያመልክቱ። ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በታች ከሆነ ይህ ብቻውን ጉዳዩን ሊለውጠው ይችላልና ማስረጃውን አስቀድሙ። የእስር ቤቱንና የከተማውን ስም፣ ከተቻለም የመዝገብ ቁጥሩን ጨምረው ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያቅርቡ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ስምምነት የታሰረ ሰው ቆንስሉ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። ለትኬቱ ደግሞ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ብዙ ታሳሪዎችን ሲመልስ ኖሯል፤ ኤምባሲው ስሙን እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲያስገባ ይወትውቱ።

ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ላለ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አለን። ከወላይታ ገጠር የወጣ ልጅ በወላይትኛ እንጂ በአማርኛ አፉን ያልፈታ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ «ኢትዮጵያዊ ነው» ብሎ አማርኛ አስተርጓሚ ሲያመጣለት ልጁ በሀፍረት አዎ አዎ ይላል። ያ «አዎ» ጥፋተኛ ነኝ ማለት ሊሆን ይችላል። አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም። በብዙ ፍርድ ቤቶች ቅጣቱ «ይህን ያህል መቀጮ፣ አለዚያም ይህን ያህል ወር» ተብሎ ስለሚነገርም ቤተሰብ በጊዜው ቢያውቅ መቀጮው ከወራት እስር ያነሰ ወጪ ሆኖ ይገኛል።

ገንዘብን በተመለከተ «እኔ አስፈታዋለሁ» ብሎ የሚደውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የላከው ደላላ ወይም የእርሱ ባልደረባ ነው። አንድ ብር አትላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምርኮኛን እንድናስፈታ አዘዋል፤ ከዘካ ተቀባዮችም መካከል መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ አለ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ጉዞው ለኃጢአት አለመሆኑን ወይም ሰውየው መቶበቱን ቅድመ ሁኔታ ስለሚያደርጉ፣ ለትኬት ዘካ ማውጣት የምትፈልጉ በየአካባቢያችሁ ያሉትን መሻይኾች ጠይቁ። ሶደቃ ግን ይህ ጥያቄ የለበትም።

የቢጠናው አባት በደብዳቤያቸው ግርጌ ታናሹም ልጃቸው ለመውጣት ገንዘብ እያጠራቀመ መሆኑን ጽፈዋል፤ እንድንመክረው ስልኩን ሰጥተውናል። ደውለንለት ነበር። «ወንድሜ ከወጣ በኋላ እንነጋገራለን» ብሎናል። በሚቀጥለው ወር እንደገና እንደውልለታለን፣ ኢንሻአላህ።